እናቱን አንሳለት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ለንስሐ ስቀርብ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም የቀመስኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እዘረግፋለሁ፤ እዚች ላይ ስደርስ ግን ምላሴን እውጣለሁ። ስምንት ዓመት ዋጥሁት። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነውና አታቋርጡኝ። እንዳታዝኑልኝም።

ስንዱ እባላለሁ። ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የባጃጅ ተራውን አልፋችሁ በስተግራ ያለችው አረንጓዴ በር ያላት ጠጅ ቤት የኔ ናት። ከአርብ ገበያ የመጣ፣ ከስማዳ የወጣ፣ ከእስቴ የተሻገረ ሰው ስንዱ ቤት ሳይቀመጥ አይመለስም። ጠጄ ውሃ አይበዛበትም፤ እንግዳ አላስቀይምም፤ የሰከረውን በክንዴ ይዤ አስወጣለሁ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ኧረ ልኩራራ ብዬ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ? ዛሬ እንኳ ውሸት ይቅርብኝ።

ሰው ግን ለጠጄ ብቻ ብሎ አይመጣም። ለታከለ ነው የሚመጣው። ታከለ አዝማሪ ነው፤ የስማዳ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው። መሰንቆውን ታቅፎ ጥግ ላይ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ልብም አትሉት። ድምፁን ሲያወጣ ግን ከውጭ በቆሎ እሸት የምትጠብሰው ሴትዮ እንኳ ከሰሏን ትታ በር ላይ ትቆማለች።

አዝማሪ እንግዳውን ካላወቀው ምን ብሎ ያወድሰዋል? የማሳውቀው እኔ ነበርኩ። እንግዳ ሲገባ ተቀብዬ አስቀምጣለሁ። “አገርዎ ወዴት ነው? ቤተሰብ ደህና?” እላለሁ። ከዚያ ጠጁን ልቀዳ ስሄድ በታከለ አጠገብ አልፍና ሁለት ቃል ጆሮው ላይ ጣል አደርጋለሁ። “የአርብ ገበያ ሰው ነው፣ ልጅ ተወልዶለታል።” “ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማረ፣ የመሪጌታ ልጅ ነው።” ብርሌውን ሞልቼ ሳልመለስ ያቺ ቃል ግጥም ሆና ትወጣለች። እንግዳው “ይህ ሰው በምን አወቀኝ!” ብሎ አፉን ይይዛል። ይህ የኔና የታከለ ሙያ ነበር። እሱ የሰጠሁትን አይመረምርም። ምን አስመረመረው? ከኔ አፍ የወጣ ለሱ ወንጌል ነበር።

ያን ቀን፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ገበያ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ቤቱ ሞልቷል። ኮት የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ታከለ ለጊዜው ጓሮ ወጥቶ ነበር። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ባሕር ዳር የባህል ሙዚቃ ቡድን እንዳለው፣ ተጫዋች እየፈለገ እንደሚዞር ነገረኝ። የታከለን ዝና ሰምቶ ነው የመጣው። ከወደደው ይወስደዋል፤ ደሞዝ አለው፣ መድረክ አለው፣ ድምፁም ይቀረጻል። “ግን ሳይዘጋጅ ልስማው፤ ማንነቴን እንዳይነግሩት አደራ” አለኝ።

እሺ አልኩ። እንደ ልማዴም አገሩን ጠየቅሁት፤ እስቴ ነኝ አለ። አባት እናት ደህና ናቸው ወይ አልኩት። አባቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። “እናቴም በመጋቢት አረፈች፤ ዓመቷ እንኳ አልወጣ” አለና እጁን ያይ ጀመር። ነፍስ ይማር አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ከልቤ ነፍስ ይማር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወዲያው ደግሞ ያን ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ከሱ ወንበር እስከ ጋኑ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። በነዚያ አሥር እርምጃዎች ውስጥ ምን ያህል እንዳሰብኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ታከለ ሊሄድ ነው። እንደሚወደው ደግሞ ማን ይጠራጠራል? ሰምቶት ያልወደደው ሰው መቼ አለና! ያኔ ባሏን የፈታች ሴት ነበርኩ፣ ቤቴ ይዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ ብላችሁ አንጀታችሁን እበላው ይሆናል። ግን አልራብም ነበር። ታከለ ከመምጣቱ በፊትም በጠጄ ኖሬያለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። “ስንዱ ቤት” መባሉ ቀርቶ “ታከለ የነበረበት ቤት” ሊባል ነው። ይኸው ነው። ክብሬ ነው።

ታከለ ከጓሮ ተመልሶ መሰንቆውን አነሳ። በአጠገቡ አለፍኩና ጎንበስ አልኩ። “እስቴ ነው። እናቱ አለችለት፤ ሲበዛ ይወዳታል። እናቱን አንሳለት” አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ጠጅም አልጠጣሁም። የሞተችን እናት በልጇ ፊት ሕያው አድርገህ ዝፈን አልኩት። ሰውየው ይቀየማል፣ ተነስቶ ይወጣል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል አልኩ። በአዝማሪ ሙያ ከዚህ የከፋ ነውር እንደሌለ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ታከለ ደጋኑን አሳረፈና መጀመሪያ መሰንቆውን ብቻ አስለቀሰው። ከዚያ እንዲህ አለ፤

“ከእስቴ በር ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ፣
ትጠይቃለች አሉ ልጄን አያችሁ ወይ።
ጧት ማታ አትደክምም ስምህን ስትጠራ፣
ዕድሜዋን ያርዝመው እንደ ጉና ተራራ።”

እኔ ማሰሮውን ይዤ ቆሜያለሁ። ልንገራችሁ፣ ታከለ በሕይወቱ እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም። የሰውየው እናት በር ላይ ቆማ ታየችኝ፤ እኔ ለተንኮል ያስነሳኋት ሴትዮ! ሰውየው ብርሌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እንባው በጉንጩ ወረደ። ተነሳና ሳይሰናበት ወጣ።

አያ ጥጋቡ የሚባሉ የእስቴ እህል ነጋዴ ከማዶ ተቀምጠው ነበር። “ምነው ታከለ! ምነው! የዚህ ሰው እናት እኮ አፈር ከገባች ዓመቷም አልሞላ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ” አሉት።

የታከለ ፊት አመድ መሰለ። ዞሮ ወደ እኔ አየ። “እትዬ፣ አንቱም አላወቁ?” አለኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ “በምን ልወቅ?” አልኩት። አመነኝ። እንዲያውም አዘነልኝ መሰለኝ፤ እሷንም አሳፈርኳት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። መሰንቆውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና “የሙት ልጅ ፊት ሙት አስነሳሁ፤ ከእንግዲህ በቃኝ” አለ። ጓሮ ገብቶ እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት ጀመረ። መሰንቆውን ዞር ብሎም አያየው።

እስከዚህ ድረስ የሰማችሁት ክፉ ነው። የባሰው ገና ነው።

በአሥረኛው ቀን ጧት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሬ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ነው የወሰደው። ያ ሰው ነው። ሳይሰናበተኝ በመውጣቱ ይቅርታ ጠየቀኝ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎት ከርሞ ነበር። ቀብሯ ላይ አላለቀሰም፣ አርባዋ ላይም አላለቀሰም፤ ሰው ደረቅ ነው እያለ አማው። “እንባዬ የመጣው አንቱ ቤት ነው” አለኝ። ቀጥሎ የተናገረውን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አልረሳሁትም። “መሞቷን ነግረውት ነው አይደል? መሞቷን እያወቀ በሯ ላይ አቁሞ አሳየኝ። ይህን የሚችል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሰኞ ይምጣልኝ፤ እጠብቀዋለሁ።”

ታከለ ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቆ እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያው በስልኩ ሲሰማ ሰውየው “ምንድነው የሚንኳኳው?” አለኝ። “እንጨት ነው” አልኩት። እሺ እነግረዋለሁ ብዬ ዘጋሁ። አልነገርኩትም። ሰኞ አለፈ። ሰውየው እንደገና ደወለ። “ስማዳ ወርዷል፤ ባሕር ዳር ምን አለኝ ብሏል” አልኩት። አዘነ፤ አመስግኖኝ ዘጋ። ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት።

የመጀመሪያውን በአሥር እርምጃ ውስጥ አደረግሁት፤ ሰይጣን አሳሳተኝ ብል የሚያምነኝ አላጣም። ሁለተኛውንስ? በጠራራ ፀሐይ፣ ታከለን እያየሁት፣ ላቡን ሲጠርግ እያየሁት ነው ያደረግሁት። “ታከለ ና፣ ስልክ!” ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ሰይጣንን ለዚህ አላስቸግረውም። እኔ ነኝ።

ከዚያማ ደግ ሴት ሆንኩ። ለመንኩት፣ አባበልኩት፣ መሰንቆውን በእጄ አውርጄ ሰጠሁት። “ያለፈ አለፈ፤ ሰው ይረሳዋል” አልኩት። ተመለሰ። ቤቴ እንደገና ሞላ። ታከለ ደግሞ በየገበያው ቀን ጨዋታውን ሲጀምር እኔን ያነሳል፤

“ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ገመናዬን ሸፍና፣
ስንዱ ናት ያነሳችኝ እንደ እናቴ ሆና።”

ሰው ያጨበጭብልኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ ማሰሮውን ይዤ መሐል እቆማለሁ። አፍሬ ነበር ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? አላፈርኩም። ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ እውነት ነው ብዬ አምነዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። ታከለ ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም እናት አንስቶ አያውቅም። “እናቱን ይዞ ነው የመጣው” ብዬ ጆሮው ላይ ጣል ባደርግ እንኳ አገሩን ያወድሳል፣ በሬውን ያወድሳል፣ አባቱን ያወድሳል፤ እናት ላይ ሲደርስ ያልፋል። ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ለፋሲካ ቤቱን ስንለቀልቅ ነው ጉዴ የመጣው። በጾሙ ጨዋታ የለም፤ ታከለ ያግዘኛል። የታችኛውን ግድግዳ ሊለስን ሲንበረከክ “እህ!” ብሎ ጉልበቱን ያዘ። “አንተ ሰውዬ አረጀህ እንዴ? ሚስት ሳንድርህ!” ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። “የእርጅና አይደለም እትዬ፤ የቀኖና ነው” አለኝ።

ከዚያ ጭቃውን እያሸ፣ ወደ እኔም ሳያይ ነገረኝ። በዚያ ዓመት ቤተ ልሔም ገዳም ሄዶ ለአንድ አባት ኃጢአቱን ተናዟል። የሞተችን እናት በልጇ ፊት ሕያው አድርጌ ዘፈንኩ፣ ሐዘንተኛ ሰው አስለቅሼ ከቤት አስወጣሁ ብሏል። አባም አርባ ቀን ስግደት ሰጡት። አርባውን ጨረሰ፤ ልቡ አልረጋ ቢለው ሌላ አርባ ከራሱ ጨመረ። በየማለዳው፣ እኔ ጠጅ ሳጠልል፣ እሱ ክፍሉን ዘግቶ ይሰግድ ነበር። ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አልሆነለትም። “እስካሁንም ከልቤ አልወጣልኝም። አንቱ ግን ሸፈኑኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ” አለኝና ግድግዳውን መለሰን ቀጠለ።

እግዜር ይስጥልኝ አለኝ! እኔን!

ወይ ስንዱ! ስለ ባሕር ዳር ብቻ ነበር የማስበው። ደሞዙን፣ መድረኩን ነው የከለከልኩት እያልኩ በሆዴ ስመዝን ነበር የኖርኩት፤ እሱንም እኔ ዘንድ ሳይቸግረው ኖሯል እያልኩ አቀለው ነበር። ለካ የቀማሁት ሌላ ነው። አንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚወጣለትን ዘፈን ዘፈነ፤ እንባ የደረቀበትን ሰው አስለቀሰ፤ ሰውየውም ደውሎ አመሰገነ። እኔ ያን ለታከለ ኃጢአት አድርጌ ሰጠሁት። ተሸክሞት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደ። የኔን ኃጢአት በገዛ ጉልበቱ ሰገደበት። ከዚያ ተመልሶ አመሰገነኝ።

ለነፍስ አባቴ አስቀድሜ ልንገር ብዬ ነበር። ስግደት ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ይፈታኛል። አይሆንም አልኩ። ከኔና ከእግዜር በፊት ታከለ አለ። ይሄድ ይሆናል፤ ይሂድ። ለገበያተኛው ሁሉ ይዘፍንብኝ ይሆናል፤ ይዝፈንብኝ፣ ድምፁ ለዚያም ያምራል። ቤቴ ባዶ ይቀር ይሆናል። ጠጅ መጣል ያስተማረችኝ እናቴ እጄን ይዛ ነው፤ እጄ አለኝ፣ አልሞትም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ?

ይኸው ነግቷል። የጓሮው በር ተከፈተ፤ ታከለ ነው። “እትዬ፣ እንዴት አደሩ?” እያለኝ ነው። የምለውን ቆርጬ ይዤዋለሁ። ተሳስቼ ነው አልለውም፤ ሰይጣን ነው አልለውም።

“ታከለ፣ ና ቁጭ በል። ያን ቀን እናቱ መሞቷን አውቅ ነበር። ሰውየውም ወዶህ ነበር።”