ስምንት እንቁላል

ባለፈው ቅዳሜ ሳራ ሊልበርን ካለው ከእናቷ ቤት መጣች። በመኪናዋ መስኮት አንድ ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራበታለች። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያጠፍኩ ነበር።

«አንቲ፣ ጋራዡን ክሊን እያደረግን ነው። ማሚ ይሄን ለአንቲ ስጫት አለችኝ። እሷና ዳዲ የተገናኙ ቀን አንቺ ይዘሽው ነበር አይደል?»

«ይዤው ነበር» አልኳት።

«ዋው! ፊሺንግ ትችያለሽ ማለት ነው? ማነው ያስተማረሽ?»

«ግቢ፣ ሻይ ጠጪ።»

ሁልጊዜ እንደምትቸኩለው ያን ቀንም ቸኩላ ነበር። ሻዩን አጋምሳ፣ ዘንጉን ኮሪደሩ ላይ አጋድማልኝ ሄደች። ቁመቱ የእኔን ሁለት እጥፍ ነው። መሐሉ ላይ የሚላቀቅበት መጋጠሚያ ነበረው፤ አሁን ዝጎ እንቢ ብሏል። ስለዚህ ከመኝታ ቤቴ በር እስከ ኩሽና ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ እሱን እየተሻገርኩ ነው የምውለው።

ሳራ የወንድሜ ልጅ ትባላለች። ወንድሜ የሚባለው ሰው አስፋው ነው። አርባው ባለፈው ወር ሊቶኒያ በተከራዩት አዳራሽ ተዘክሯል። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሚስቱ ሮማን፣ ሁለቱ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ ተጠሩ፤ መጨረሻ ላይ «እንዲሁም አንዲት እህቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በየነ» ተባለ። ሰው ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

አስፋው ወንድሜ አይደለም። አባቴ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ስለሆነ አንባቢ ይታገሰኝ።

ነገሩ የሰነድ ነገር ነው። አባቴ ምጽዋ የመርከብ መካኒክ ነበር። እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አገሩ ታመሰና በሱዳን በኩል ወጣ። ካርቱም ላይ መዝጋቢው ሚስትና ልጅ እንዳለው ሲጠይቀው የለኝም አለ፤ ላጤ ወደ አሜሪካ ቶሎ ይሄዳል ብለው መክረውት ነበር። እናቴ ሞታ እኔን ሊያስመጣኝ በተነሳ ጊዜ ያቺ የለኝም ያላት ቃል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። የሌለች ልጅ ማስመጣት አይቻልም፤ እህት ግን ይቻላል። ስለዚህ ከአክስቴ ጋር ካርቱም የገባሁት ጥሩወርቅ አስፋው፣ ከካርቱም ስወጣ ጥሩወርቅ በየነ ሆንኩ። በየነ አያቴ ነው። ሠላሳ ዓመት በሠራሁበት ሆስፒታል ደረቴ ላይ ሲንጠለጠል የኖረው ባጅ የሚለው ይህንኑ ነው።

አትላንታ የገባሁት በፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ኤርፖርት ላይ አባቴ ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በጆሮዬ የነገረኝ የመጀመሪያው ቃል «ጋሼ በይኝ» የሚል ነበር።

አባቴ ክላርክስተን ውስጥ አንድ አፓርትመንት ከግርማ ጋር ይጋራ ነበር። ግርማ የካርቱም ጓደኛው ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር ግን ወሬ ሆዱ ውስጥ የማያድር ሰው። ለእኔ አንዱን መኝታ ቤት ለቀቁልኝ። አባቴ ቀን ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውላል፤ ማታ የቢሮ ወለል ይወለውላል። አንድ ቀን ግርማ የወጣ መስሎኝ ከኩሽና «አባዬ፣ ራት ደርሷል» አልኩት። ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ መዳፉን አፌ ላይ ጫነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለታችንንም ልታስመልሺን ነው?»

ከዚያ ፊቴን አየ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባሕር እወስድሻለሁ። እዚያ የሚያውቀን የለም። እስኪበቃሽ ትጠሪኛለሽ።»

ሰባት ወር ጠበቅኩ። ትምህርት ቤት በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ፣ ከማንም ጋር በማላወራበት የኋላ ወንበር፣ ቃሉን በሆዴ እለማመደው ነበር። ረዘም አድርገው ነው የሚጠሩት፣ ወይስ ቆረጥ? ሌሎች ሴቶች ልጆች ይህን ሳያስቡ ነው የሚሉት። እኔ ግን እንደ ባዕድ ቋንቋ አጠናሁት።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ዕረፍት አገኘ። ዋዜማውን እንቁላል ቀቅይ አለኝ።

«ስንት?»

«ስምንት አድርጊው።»

ለሁለት ሰው ስምንት! በደንብ እንድበላ አስቦ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ያን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቂል ያደረገኝ እሱ ነውና።

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሜከን እስክንደርስ የተቆረጠው የመንገድ ዳር ሁሉ ቀይ አፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ጥድ ብቻ፤ መንገዱም አንድ መታጠፊያ የሌለው። አፈሩ ቀስ በቀስ እየነጣ ሄደና አሸዋ ሆነ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር በትልቅ ድስት ለውዝ ይቀቅላሉ፤ አባቴ መኪናውን አቁሞ ገዛ። ለውዝ ሲቆላ እንጂ ሲቀቀል አይቼ አላውቅም። ትኩስ ነው፤ ጨው ጠጥቷል፤ ልጣጩ እጅ ላይ ይሟሽሻል።

«ይሄ የታመመ ለውዝ ነው» አልኩት።

ሳቀ። አትላንታ ከገባሁ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ያማረ ሳቅ ነበረው፤ ይህን አልክደውም። በኋላ ሌሎች ሰዎች ብዙ ሰሙት።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ውሃው እንዳሰብኩት ሰማያዊ አልነበረም፤ ወተት ጠብ የተደረገበት ሻይ ይመስላል። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፤ እስከ ዓይን መጨረሻ ሰው የለም። አባቴ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ሆነ። የሰው መኪና ቁልፍ ሲቀበል የሚጎብጠው ትከሻ ቀና አለ። መንጠቆው ላይ የሽሪምፕ ቁራጭ ሰካ፤ ዘንጉን ከጀርባው አዙሮ ሲወረውር ክሩን የሚያከብደው እርሳስ እያፏጨ ከሦስተኛው ሞገድ ጀርባ ወደቀ። ከዚያ እየተመለሰ መጥቶ ዘንጉን አስያዘኝ፤ ጣቴንም ክሩ ላይ አሳረፈልኝ።

«ሞገድ ይጎትታል፣ ዓሣ ያንኳኳል። አንዴ ሲያንኳኳ አትቸኩይ። ሲደግም ነው።»

ምጽዋ ሳለ ያለ ዘንግ፣ በባዶ እጁ ክር ወርውሮ ሲይዝ እንደኖረ ነገረኝ። ያኔ ቤታችን ዓሣ ይበላ ነበር? አላስታውስም። እናቴን ብጠይቃት ኖሮ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ፤ በግራም በቀኝም።

«በይ እንግዲህ» አለኝ። «ማንም የለም።»

አፌን ከፈትኩ። ሰባት ወር ያጠናሁትን ቃል ልል ነበር።

«ጋሼ…» ነው የወጣው።

አልሳቀም፣ አላዘነምም። ራሱን ነቀነቀና ወደ ውሃው ዞረ። ዛሬ ሳስበው ቀለል ያለው ይመስለኛል። ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። መኪናው ጋ ደርሼ ልምጣ ብሎ፣ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ተሰወረ።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እግሬ ሥር ያለውን አሸዋ ውሃው እየሸረሸረ ወደ ታች ያሰምጠኛል፤ ነቅዬ አወጣዋለሁ፤ እንደገና ያሰምጠኛል። ትናንሽ ወፎች ሞገዱ ሲሸሽ ይከተሉታል፣ ሲመለስ ይሸሹታል። እጄ ሽሪምፕ ይሸታል። ጣቴን ከክሩ ላይ አላነሳሁም። ሲመጣ በትክክል እጠራዋለሁ እያልኩ ነበር፤ ሲመጣ።

መጀመሪያ አንዴ አንኳኳ። አልቸኮልኩም። ደገመ። ከዚያ ዘንጉ ከእጄ ሊፈናጠር ደረሰ፤ የክሩ መጠቅለያ ጮኸ፤ ውሃው እስከ ወገቤ ጎተተኝ።

«አባዬ!» አልኩ። «አባዬ! አባዬ፣ ድረስልኝ!»

በአውቶቡሱ ያጠናሁት አጠራር አልነበረም፤ ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም። ዞር ስል አባቴ ከአሸዋው ክምር እየሮጠ ይወርዳል። ከኋላው ግርማ ጫማውን በእጁ ይዞ ይከተላል። ከግርማ ኋላ ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ግማሹ የተላጠ ብርቱካን የያዘች ሴት ቆማለች። አይቻት አላውቅም።

«ኧረ ጥሩዬ!» አለ ግርማ እየሳቀ። «የምን አባዬ ነው? ዓሣ ነው እኮ የያዘሽ፣ አዞ አይደለም!»

አባቴ ዘንጉን ከእጄ ወሰደ። አላየኝም።

«አባታችንን ነው» አለ ክሩን እየጠቀለለ። «ስትደነግጥ እሱን ነው የምትጠራው። ነፍሱን ይማረውና በጣም ይወዳት ነበር።»

አያቴ በየነ እኔ ሳልወለድ የሞተ ሰው ነው።

«ውይ የኔ እናት!» አለች ሴትዮዋ። «በቅርብ ነው እንዴ?»

«ገና ዓመቱ ነው» አለ አባቴ።

ሮማን ነበረች። ከዋሽንግተን ከመጣች ሳምንቷ ነው፤ የግርማ የአጎት ልጅ ናት። ብርቱካኑን ጥላ፣ ውሃው ውስጥ ገብታ፣ ቀሚሷ እየራሰ አቀፈችኝ።

«እግዜር ያጥናሽ። አይዞሽ፣ እንዲህ ያለ ወንድም እያለሽ።»

አባቴ ከእኛ ሦስት እርምጃ ርቆ ዓሣዬን እየጎተተ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ቢያየኝ ምን እንደምል አላውቅም። አላየኝም።

«አሜን» አልኩ።

ዓሣው ሲወጣ ትልቅ ነበር፤ መዳብ የመሰለ፣ ጅራቱ ላይ ዓይን የሚያክል ጥቁር ነጥብ ያለው። ሮማን አጨበጨበች። አባቴ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ያ ሳቁ ተሰማ። በሊልበርኑ ቤት ሠርጋቸው በታሰበ ቁጥር የሚወራው ታሪክ ይህ ነው፤ ዳዲ በማሚ ፊት የሕፃን ልጅ የሚያክል ዓሣ እንዴት እንደያዘ። በታሪኩ ውስጥ እኔ ዘንግ ያዥ ነኝ።

አሸዋው ላይ ጨርቅ ተነጠፈና እንቁላሉ ወጣ። ግርማ «እንዲያው እግር ጥሎን!» እያለ ይምላል፤ አባቴም እንዴት እንዳገኙን ይገረማል። እንቁላሉ ለአራት ሰው ሁለት ሁለት ደረሰ። አልተረፈም፣ አልጎደለም። ማንም የለም ያለኝ ሰው፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ከዋዜማው ያውቅ ነበር።

ስንመለስ ሮማን ከአባቴ ጋር ሄደች፤ እኔ ከግርማ ጋር። ዓሣው ከእኛ ኋላ ተጭኖ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትን ጥዶቹን ሁሉ አለፍን።

«ወንድምሽ ሰው ነው፣ እሺ!» ይለኛል ግርማ። «ብናጋባው ምን ይመስልሻል?»

ሁለቱን እንቁላል ሳልልጥ ክላርክስተን ድረስ በሹራቤ ኪስ ይዣቸው መጣሁና ደጃፋችን ባለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኳቸው።

ፍርሃቱ እውነት እንደነበር አውቃለሁ። በአንድ ፊርማ ሁለታችንም ልንባረር እንችል ነበር። ለዚህ አልከስሰውም። ግን ዜግነቱን ወሰደ፣ ቤት ገዛ፣ የሚያስፈራው ሁሉ አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ፍርሃት ሳይሆን ምቾት ነበር። እውነቱን ንገራቸው ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩት፤ ሳራ ክርስትና የተነሳች ቀን። «አሁን ምን ይጨምርልሻል?» አለኝ። እሷን አቅፌ ነበር፤ ወደ እንግዶቹ ይዣት ገባሁ። ልጆቹን አዝዬ፣ አጥቤ አሳደግኩ። አክስት ሆንኩ። ባሕር ዳግመኛ አልወሰደኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የቀብሩ ዕለት ሮማን እኔ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ወንድምሽ ብቻ አልነበረም» አለችኝ። «እንደ አባትሽ ነበር። እግዜር ያጥናሽ።» እኔም እንደ ድሮው አሜን አልኩ። ታውቅ ይሆን? አልጠየቅኳትም። ለአባቴ የሚገባኝን የልቅሶ ማጽናኛ ግን ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ እሱ በሕይወት እያለ፣ ከእሷው እጅ ተቀብዬ ጨርሻለሁ። በቀብሩ ያለቀስኩት የወንድም ነው።

ዛሬ ጠዋት ዘንጉን ስሻገር ጎንበስ ብዬ ጣቴን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ደርቋል፤ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሳራ ጠይቃኝ በሻይ ያመለጥኳት ጥያቄ ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። አማርኛ ማንበብ ይከብዳታል፤ ስለዚህ መጨረሻውን አጭር አደርግላታለሁ።

ሳራ፣ ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ አባቴ ነው። አያትሽ በየነ ባሕር አይቶ አያውቅም።