ባለቤቴ በአፏ ያልጠራችው ካርድ

ካርድ የሚባለው የእንግሊዝ ቃል ሆሳዕና ከተማ የገባው ብቻውን አይደለም፤ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው። ጤና ጣቢያ ብትሄድ መጀመሪያ ካርድ አውጣ ይሉሃል፤ ካርድ ሳታወጣ ብትሞት ጥፋቱ የራስህ ነው። የህብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚሰጥህ በካርድ ነው። የጎረቤት ልጅ ሁለት ትምህርት ወድቆ የሚገረፈው ካርድ የመጣ ቀን ነው። ሀብታም ልጁን ሲድር በካርድ ይጠራል፤ እኔን የጠራኝ ግን የለም። ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ ዳኛው ከኪሱ መዝዞ ያሳየዋል፤ ዳር የቆሙት የተጫዋቹ ወንድሞች ከሆኑ ዳኛው ከነካርዱ ይሮጣል።

ማንበብ ለማይችል ሰው ይሄ ሁሉ አንድ ነው፤ ደረቅ ወረቀት። እኔ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ፊደል አልቆጠርኩም። ወፍጮ ቤት ጆንያ ስሸከም ጀርባዬ ነው የተማረው። ካርዶቹን የምለያቸው በቀለማቸውና በቆሻሻቸው ነበር፤ የሱቁ ካርድ ይጣበቃል፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል።

ባለቤቴ ግን ለእያንዳንዱ ስም ነበራት። የጤና ጣቢያውን የትኩሳት ወረቀት፣ የሱቁን የጣፋጭ ወረቀት፣ የሰርጉን ና ብላ የሚል ወረቀት፣ የዳኛውን ውጣ የሚል ወረቀት ትለው ነበር። እንግሊዞቹ ቃል አልቆባቸው በአንዱ ሁሉንም ሲያለብሱ እሷ ለሁሉም በልኩ ሰፋችለት። ይሄን ያደረገችው ግን አዋቂ ልሁን ብላ አልነበረም፤ ካርድ የሚለው ቃል ክልክሏ ስለነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ የአንጋጫ ልጅ ናት። በነሱ አገር፣ በእኛም ዘንድ፣ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ይቀርባታል። ልማዱን ባሊሻ ይሉታል። የአባቴ ስም ደግሞ በ“ካ” ይጀምራል። ሌሎቹ ሴቶች የሚጠነቀቁት በአገራቸው ቋንቋ ብቻ ነው፤ ለአማርኛ አይጨነቁም። የእኔዋ ለመንግሥት ቋንቋም ለፈረንጅ ቃልም ምሕረት አልነበራትም። ካልሲን የእግር ሹራብ፣ ካሮትን ቀዩ ሥር አለች። የቀበሌያችንን ካድሬ “ያ ጫማው የሚጮኸው ሰውዬ” ትለው ነበር። ከዚህ የተሻለ ስም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

አባቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ከጊምቢቹ መጥቶ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ግን መከበር ይወድ ነበር፣ የሚያከብረው ደግሞ ከእሷ ሌላ አልነበረም። እኔማ እሱን መፍራት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

መሠረተ ትምህርት መጣና ቀበሌው አዋጅ አወጣ። አንብቦ ፈተና ያላለፈ ሰው ያለበት ቤት፣ የሱቅ ካርዱ አይታደስለትም። ለማለፍህ ማስረጃው ምን መሰለህ፤ እሱም ካርድ ነው። አባቴን በዕድሜው ማሩት፤ እኔና ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እሷ በወር ውስጥ መጽሐፉን ጨረሰችው። እኔ ገና ከ“ለ” ጋር እታገል ነበር። ቤት ስንገባ በከሰል ጆንያ ላይ እየጻፈች ታስጠናኛለች፤ “ካ” ላይ ስትደርስ ጽፋ በጣቷ ትጠቁምና ዝም ትላለች። ያቺን ፊደል ጎረቤት ሄጄ ጠይቄ ነው የተማርኩት።

የፈተናው ቀን ፈታኙ ያው ካድሬ ሆነ። እኔ ሦስት መስመር አነበብኩ፤ ዳገት በጆንያ እንደመውጣት ነበር፣ ግን ወጣሁት። ባለቤቴ ተነሳች። ንባቡን ውሃ እንደሚወርድ ወረደችው፤ ካርድ የሚል ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ቀጥይ፣ ጓዲት” አላት።

ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች።

“አታውቂውም?”

“አውቀዋለሁ።”

“እንግዲያው በይው።”

“የአማቼን ስም አልጠራም።”

ካድሬው ወረቀቱን ገልብጦ አማቷን ፈለገ። አዳራሹ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ነገሩን አስረዱት። ሰውዬው ከሰሜን የመጣ ነበርና ስለ ኋላ ቀር ባህል ንግግር ጀመረ፤ አብዮቱ ስንት ባላባት ገርስሶ በአንድ አማት እንደማይቆም ነገረን። እሷ እንደቆመች ሰማችው። ሲደክመው “ወድቃለች” ብሎ ጻፈ፤ የሱቅ ካርዳችንም ቀበሌው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

መጀመሪያ አባቴ ኮራ። ቸርች ደጃፍ ላይ፣ ስሙን ማስጠራት መንግሥትን ራሱን እንዳቃተው ሲያወራ ሰማሁት። ለአንድ ጠዋት ብቻ ፍታት ብዬ ለመንኩት። ስሜን በስኳር ልለውጥ ወይ ብሎ ተቆጣ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው ነው። ባለቤቴ መራራውን ሻይ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሙሉ አክብሮት አቀረበችለት። በማግስቱም እንደዚያው። ሦስት ሳምንት ጠጣው። በአራተኛው ከዘራውን አንስቶ ቀበሌ እንሂድ አለን።

ቢሮው ውስጥ ካድሬው ፊት ቆሞ፣ ጉባኤ ላይ እንዳለ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ልጄ” አላት፣ “ፈቅጄልሻለሁ። ዛሬ ጆሮ የለኝም፤ በይው።”

እኔ አለቀ ብዬ ስኳሩን የምይዝበትን ዕቃ አስቤ ነበር። እሷ መሬት መሬት እያየች፣

“አባባ፣ እርስዎ ፈቀዱ። እኔ ግን አልፈቀድኩም” አለችው።

አባቴ መከበርና መዋረድ በአንድ ጊዜ ሲመጡበት ይሄ የመጀመሪያው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝምታዋን የእሱ ንብረት አድርጎ ሲቆጥር ኖሯል፤ እኔም እንደዚያው።

ያዳነን ካድሬው ነው፤ ለእኛ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ቀበሌው መሃይም እንደሌለበት ለበላዮቹ ሪፖርት ሊያደርግ ቸኩሏል፣ እሷ አንዷ ቀርታበታለች። እስክሪብቶውን ገፋ አደረገላትና፣ አፍሽ እምቢ ካለ እጅሽ ይናገር፣ ጻፊው አላት። ጻፈች። አላመነም፤ ሌላ ጨምሪ አላት። “ካድሬ” ብላ ጻፈች። ፊቱ ትንሽ ቀላ፣ ማህተሙን ግን መታ። ከመሳቢያው የሱቅ ካርዳችንን አወጣ፣ ማደሻ ቅጹንም አብሮ ሰጣት፤ የቤተሰቡን አባላት ስም ራስሽ ሙይ አላት።

የእኔን ጻፈች፤ የልጆቹን ጻፈች፤ የራሷን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። አባቴን ቀና ብላ አላየችውም። ቀስ ብላ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ሦስት ፊደል አስቀመጠች።

አባቴ ተጠግቶ ቅጹ ላይ አጎነበሰ። ምን ብላ እንደጻፈች የጠየቀው እሷን አይደለም፣ ካድሬውንም አይደለም፤ እኔን ነው። በዕድሜዬ ከጆንያ ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

“ስምህ ነው” አልኩትና እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየነካሁ አነበብኩለት።

በአውራ ጣቱ ሸፈነው፤ ሦስቱም ፊደል ከጥፍሩ ሥር ገባ።

“ስሜ ይሄ ነው?” አለ። “ይህችን ያህል ናት?”