መሪውን ለቆ የሚሳለም ሹፌር

አባዬን መሪ ላይ ተቀምጦ ባየው እንዴት ደስ ባለኝ! ከጎንደር ትክል ድንጋይ፣ ሲቀናው ደግሞ እስከ ሳንጃ፣ በራሱ ሚኒባስ ሰው ሲያመላልስ ነው ያደግሁት። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ከጎኑ እቀመጥ ነበር። ዳገት ላይ ከተሳፋሪ ጋር ይቀልዳል፣ ቁልቁለት ላይ ዝም ይላል። ያ ዝምታው ይናፍቀኛል።

አንድ አመል ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ሲያይ መሳለም የሁሉም ሹፌር አመል ነው፤ ሌላው ግን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። የኔ አባት ቁስቋም ስትታይ በግራ እጁ ኮፍያውን ያወልቃል፣ በቀኙ ያማትባል፣ ጎንበስም ይላል። «መሪውን ማን ያዘው?» ሲሉት፣ «እሷው ናታ!» ይላል።

እሷም ብዙ ዓመት ያዘችለት። ኋላ ግን አንድ ቀን እንደጎነበሰ ባጃጅ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ብዙም ሳይቆይ እንደዚያው ሲሳለም ከቆመ አይሱዙ ጋር ተላተመ።

ኢንሹራንሱ ሲታደስ አብሬው ሄድኩ። ሠራተኛው ሁለቱን የአደጋ ሪፖርት አገላብጦ፣ «አባት፣ የሦስተኛ ወገኑ በሕግ ግዴታ ስለሆነ እንሰጥዎታለን። የመኪናዋ ሙሉ ሽፋን ግን እርስዎ ከነዱ እጥፍ ይሆናል። ሌላ ሹፌር ከቀጠሩ በድሮው ዋጋ እንቀጥላለን» አለ። እጥፉን መኪናዋ ሠርታ አትችለውም። ያለ ሙሉ ሽፋን እንዳይነዳ ደግሞ አንድ ግጭት እንጀራችንን ይዞት ይሄዳል።

ሠራተኛው አዘነለት መሰል፣ «ከእንግዲህ መሪ አልለቅም ብለው ይፈርሙልኝና አለቃዬን ልለምንልዎት» አለው።

እዚያ ላይ ቢፈርም ምን ነበረበት! በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። እሱ መዳፉን አየና፣ «ሞክሬ ነበር። እጄ እሷን ሲያይ ሳላዘው ይነሳል፤ ምን ብዬ ልፈርም?» አለ። ሳይፈርም ወጣን።

ሹፌር ተቀጠረ። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው፤ በጨዋነቱ እንኳ እናደድበት ነበር። አባዬ ከሱ ቀድሞ መናኸሪያ ይደርሳል፤ መስታወት ይወለውላል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ጋቢና ይገባል። ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግሩ ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጣል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። «ዓመቱን ያለ አደጋ ከጨረስን መሪዬን ይመልሱልኛል» ይላል፤ እኔም አምኜ ከሱ እኩል እጠብቃለሁ።

ዓመቱ ሞላ። መኪናዋ ላይ አንዲት ጭረት የለም። አባዬ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድን። ያው ሠራተኛ ነበር የተቀበለን፤ «እሰይ! ንጹሕ ዓመት ነው፣ ቅናሽ አላችሁ» አለ።

አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። «እንግዲህ ልንዳ?»

ሠራተኛው አንገቱን ደፋ። «አባት፣ ቅናሹ እኮ የመጣው እርስዎ ስላልነዱ ነው። መሪውን ከያዙት እንደገና እጥፍ ይሆናል።»

አባዬ አመሰገነው። አዎ፣ አመሰገነው! መናኸሪያ ስንደርስ የጋቢናውን በር ለአንዲት ተሳፋሪ ከፈተላትና እሱ ከኋላ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ምነው አባዬ?» አልኩት።

«እኔ ስቀር አይደል ኢንሹራንሱ የሚረክሰው? ጋቢናውም ሰው ይጫንበት» አለኝ።