ሕመሙ የጠፋ ዕለት

መጀመሪያ የተሰማኝ በዐቢይ ጾም ነው። ከስግደት ቀና ስል ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ዳሌዬና በባቴ በኩል እስከ አውራ ጣቴ እንደ እሳት ወረደ። ብርድ መስሎኝ ቅባት አሸሁበት። አልለቀቀኝም። መቀመጥ አቃተኝ። ማሳል ፈራሁ። ጎረቤቶቼ ወጌሻ ይይሽ አሉ፤ ልጄ ሐኪም አለች። እኔ ለእመቤቴ ጃንጥላ ተሳልኩ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ሕመሙ ጠፋ። እግሬ ደንዝዟል፤ ግን አያመኝም። ተመስገን ብዬ አለቀስኩ። በልጄ ተደግፌ ስለቴን አስገባሁ።

ስንመለስ፣ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል እየወረድን፣ አንዲት ቆሎ ሻጭ ከኋላ እየሮጠች መጣች። ነጠላ ጫማዬን ይዛለች።

«እማማ፣ አንዱን ጫማ ለስለት ሰጡት እንዴ?»

ሳቅን። ሲወልቅ አልተሰማኝም ነበር። መልሼ ላጠልቀው ስል ጣቶቼ ታጠፉ። ቀና በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። ልጄ ሳቋን አቆመች።

በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ገባን። ኤምአርአይ ተነሣሁ። የወገቤ ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። ሐኪሙ በዕድሜ ከልጄ አይበልጥም።

«እናቴ፣ ሕመሙ የጠፋው ነርቩ እየሞተ ስለሆነ ነው» አለኝ።

እግሬ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቃል አልገባም። ከዘገየን ግን አይመለስም።»

ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ማይክሮዲስኬክቶሚ ይሉታል። በትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ የወጣውን ቁራጭ አነሡት። ስነቃ ጣቴን አዘዝኩት። አልሰማኝም። በማግስቱም አልሰማኝም።

ክረምቱን በሙሉ እግሬን በፕላስቲክ ድጋፍ አሥሬ፣ ፊዚዮቴራፒ እየተመላለስኩ፣ ጠዋት ጠዋት በልጄ ክንድ ላይ ተደግፌ መጀመሪያ እስከ ግቢያችን በር፣ ኋላም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየሄድኩ ከረምኩ። አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄ ቆሜ ስጸልይ አውራ ጣቴ በጥቂቱ ቀና ሲል አየሁት። ጸሎቱን መጨረስ አልቻልኩም።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ሲደክመኝ እግሬ ይጎተታል። የንስሐ አባቴም ስግደት ከልክለውኛል፤ «ቆመሽ ጸልዪ፣ እኛ እንሰግድልሻለን» ብለው።

ወገባችሁን የምትታመሙ፣ ሕመሙ በድንገት ቢተዋችሁ ጣታችሁን አንሥታችሁ እዩ። እግራችሁ ከዛለ፣ መቀመጫችሁ ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገራችሁ አትደሩ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሐኪሞቼንና ልጄን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለቴ ያለ ቦታው ገባ ያሉኝ አሉ። እኔ እንደዚያ አላስብም። እመቤቴ ሰምታኛለች፤ ጫማዬን አስይዛ ሰው ከኋላዬ ልካልኛለች።