የሕግ ትምህርት ቤቱ የፈረደልን መንገድ

ጥቁር ካባ በካውያ ሲተኮስ የሚወጣውን ሽታ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። የከረመ ላብ፣ ብል እንዳይበላው ሣጥን ውስጥ የሚበተን መድኃኒት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጨርቁ ጨርቅ ሳይሆን ላስቲክ መሆኑን የሚያጋልጥ የቃጠሎ ጠረን። የምሠራው ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ ላውንደሪ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት የሕግ ተማሪዎች አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ካባ ተሸክመው መጡና ለምስለ ችሎት ውድድር ነው፣ ለነገ ይድረስልን አሉኝ። ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች ዳኛና ጠበቃ ሆነው የሚጫወቱት የማስመሰያ ፍርድ ቤት ነው። "እንዳታቃጥይው እህቴ፣ የዳኛ ልብስ ነው፣ ክብር አለው" አለኝ ረጅሙ። ክብሩን ፈተሽኩት፤ ኪሱ ውስጥ የተላመጠ ማስቲካ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ካውያውን ሳሳርፍበት ግን ያ ሽታ ተነሣና፣ ሳልወድ በግዴ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወደነበርኩበት ዓመት፣ ከጎባ መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው ግቢያችን፣ ወደ እማዬና ወደ ላማችን ወደ ቡሬ ወሰደኝ።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ የመንግሥት ነው፣ ሕግ ትምህርት ቤት አለው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሲከፈት እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ እማዬ እንደምትለው የሰፈራችን ሰው ሕግ ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል ፍትሕ ራሷ በአውቶቡስ ተሳፍራ የመጣች መስሎት ነበር። የመጡት መምህራን ናቸው። እነሱም ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው ከአውቶቡስ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት የመመለሻው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ ነው፤ አንዱ ለማስተርስ ይሄዳል፣ አንዱ ሚስት ሊያገባ ይሄዳል፣ አንዱ ብርዱ አልተስማማኝም ብሎ ይሄዳል፣ ተማሪውም የውል ሕግን ከአንዱ ጀምሮ ከሌላው ይጨርሳል። መማሪያው መጋዘን ይሁን አዳራሽ ያልለየለት የቆርቆሮ ቤት ስለነበር ዝናብ ሲመጣ መምህሩ አፉን ዘግቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የባሌን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው እንግዲህ ግማሹ ሕግ በዝምታ ነው የተማረው። በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ መጀመሪያ ዲፓርትመንት ይል ነበር፣ ከዚያ ፋኩልቲ አለ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፤ ስሙ ባደገ ቁጥር ታፔላው አዲስ ቀለም ይቀባል፣ ጣሪያው እንደነበረ ያፈሳል። መጻሕፍቱ በሽቦ ወንፊት ውስጥ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ አጋርፋ ሄዷል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ የከተማው ፍርድ ቤት በኦሮምኛ፣ ገበያው ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ ስለሚናገር፣ ተመራቂው አከራዩ አንድ የክስ ማመልከቻ ጻፍልኝ ስትለው በሦስቱም ቋንቋ ምላሱ ይተሳሰራል።

ይህን ሁሉ የምለው ዛሬ ነው። ያኔማ እወዳቸው ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ አንቀጽ ሲሸመድዱ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አዳምጣቸዋለሁ። ከቦንዳ ተራ የተገዛ ኮት ለብሰው፣ ጭቃውን ለመሻገር ጫማቸው ላይ ፌስታል አስረው፣ ለቀረው ገለባ "የተከበረው ፍርድ ቤት!" እያሉ ሲከራከሩ፣ ዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ የኳስ ጠብ በተነሣ ቁጥር ድንጋይ ላይ ወጥቼ እዳኝ ነበር። ዳኛ እሆናለሁ ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ወተት ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አስቁሜ ነግሬዋለሁ።

ቤታችን ከጋሽ ቱፋ ግቢ ጀርባ ነው። ወደ ዋናው መንገድ የምንወጣው በእሳቸው አጥር ሥር በምታልፍ መተላለፊያ ነበር፤ አባቴ በሕይወት እያለ መተላለፊያ ብሎ የጠራት እንኳ የለም፣ መንገድ ነበረች፣ በቃ። አባቴ ከሞተ በኋላ ሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪ አበዛ፣ ተማሪው ማደሪያ ፈለገ፣ ጋሽ ቱፋም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ሊሠሩ አስበው መተላለፊያዋን በቆርቆሮ ዘጓት። ዳር ላይ ቀጭን ክፍተት ተዉልን። ሰው በጎኑ ተሽሎክሉኮ ያልፋል፤ ላም በጎኗ አታልፍም።

ቡሬ ስሟ እንደሚለው ዥንጉርጉር ነበረች፣ የምንኖረውም በወተቷ ነው። በበጋ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቦይ ተሻግራ ትሰማራለች። ክረምት ሲገባ ቦዩ ይሞላል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል፣ እሷም ግቢ ውስጥ ታስራ ትከርማለች፣ ሣሯን እኔና እማዬ በጀርባችን እንሸከማለን፣ ወተቷም በየቀኑ ያንሳል። እማዬ ከሰሰች። ቀጠሮ ተሰጣት፣ ከቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ተወለደ፣ ዳኛው ተቀየረና እንደገና ከሀ ተጀመረ። ሌላ ክረምት እንዲህ ከመጣ ቡሬ እንደምትሸጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ናትናኤል የሚባል የሕግ ተማሪ እኛው ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው፣ የቡሬን ወተት ጠዋት ጠዋት ከእማዬ እጅ እየተቀበለ የሚጠጣ ልጅ። አንድ ቀን ሕግ ትምህርት ቤቱ ምስለ ችሎቱን ለከተማው ሰው በቀበሌ አዳራሽ ሊያሳይ መሆኑን፣ መምህራቸውም እውነተኛ ጉዳይ አምጡ እንዳላቸው ነገረን።

"አዴ ብርቄ፣ የእርስዎን ጉዳይ ወስጄዋለሁ" አላት እማዬን፣ እንደ ሰፈሩ ሰው አዴ ብሎ። "እርስዎም ራስዎን ሆነው ይቀርባሉ።"

"ራሴን ካልሆንኩ ማንን ልሆን ነው?" አለችው እማዬ።

ለማስተማሪያ መሆኑን ነግሬያታለሁ ይላል። ከወተቱ ጋር ውጦት ይሆናል፣ እኔ አልሰማሁም። ለጋሽ ቱፋም ኮት የለበሰ ተማሪ መጥሪያ ይዞላቸው ሄደ፤ ኮት የለበሰ ሰው መጥሪያ ሰጥቷቸው የሚቀሩ ሰው አልነበሩም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስት ዳኞች በጥቁር ካባ ሲገቡ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው ተነሣ። መሀል ላይ የተቀመጠው ናትናኤል ነው፤ ጆሮዎቹ ከካባው ኮሌታ በላይ ግራና ቀኝ ወጥተዋል፣ ግን ማንም አልሳቀም። አንዲት ተማሪ ለሽማግሌዎቹ ወደ ኦሮምኛ ትተረጉማለች። እማዬ ተናገረች። ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "መሬቱ የኔ ነው፣ ላሟ የሷ ነች፤ ላሟ ትዙር" አሉ።

"በየት ትዙር ጋሽ ቱፋ፣ በሰማይ?" አለች ከኋላ አንዷ ጎረቤት፣ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ናትናኤል ጠረጴዛውን በመዳፉ ደበደበና "ሥርዓት!" አለ፤ ደግሞ እኮ ጸጥ አሉለት።

ፈረዱ። ጥጃ ያስከተለች ላም እንደ ልቧ የምታልፍበት ስፋት ያለው መንገድ ይከፈት አሉ። እልልታው ቀለጠ። መምህሩ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ይህ ለትምህርት ብቻ መሆኑን ተናግሯል ይባላል፤ በዚያ እልልታ ውስጥ የሰማው የለም። ጋሽ ቱፋ ተነሡ፣ ለሦስቱ ልጆች ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ የመዶሻ ድምፅ ሰማን። እማዬ "ደግሞ ምን ሊጨምሩብን ነው" እያለች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ተከተልኳት። ጋሽ ቱፋ ቆርቆሮውን እየነቀሉ ነው። ምስማሩን አንድ በአንድ እያወጡ፣ የጎበጠውን ድንጋይ ላይ እያቃኑ፣ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ብርቄ" ብለው እንዴት አደርሽ አሏት፣ ቀና ብለው። "ተፈረደብኝ እኮ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። በይ ላምሽን አውጪ።"

ቡሬ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ቆርቆሮው የነበረበትን አፈር አሸተተች፣ ጋሽ ቱፋን አየች፣ ከዚያ እንደ ባለቤት ጭራዋን እያወዛወዘች አለፈች። ጋሽ ቱፋ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከፊት ጥርሶቻቸው አንዱ የለም ነበር፣ እስከዚያ ቀን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በምን ላመሳስላቸው። የጋሽ ቱፋ ሚስት የገብስ ቆሎ ትልክልናለች፣ እማዬ በዚያው ጣሳ ወተት ሞልታ ትመልሳለች፣ እኔ በዚያች መንገድ ያለ ምክንያት እመላለሳለሁ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ሰው ወደ ሕግ ትምህርት ቤቱ በር ይጎርፍ ጀመር፤ በበሬ የተጣላ ከጊኒር ድረስ የመጣ ሰውዬ ሳይቀር ጥበቃውን "ያ ቶሎ የሚፈርደው ችሎት የት ነው?" ይለው ነበር። አንድ ሕግ ትምህርት ቤት ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? ትንሽ ልብ ያለው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያስብ ነበር፤ ልብ ባይኖረው እንኳ ዝም ይላል። የእኛው ግን ፈራ። በማን ፈቃድ ነው የምትፈርዱት የሚል ጥያቄ ከላይ ሳይመጣ አይቀርም፤ አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው መኪና ሰፈራችን መጥታ ቆመች፣ መምህሩም ናትናኤልን አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ጋሽ ቱፋም ተጠሩ።

"አባቴ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ መምህሩ፣ ጭቃ የነካውን ሱሪውን እያየ። "ያ ውሳኔ የማስፈጸም ኃይል የለውም። አጥርዎን የመንቀል ግዴታ አልነበረብዎትም።"

ጋሽ ቱፋ ጠጋ አሉት። "አልተፈረደብኝም ማለት ነው?"

"አልተፈረደብዎትም።"

"ፍርዱ ስህተት ነበር?"

"ኧረ እሱስ ልክ ነው፣ እንደ ሕጉ ነው። ግን ሥልጣን የለንም።"

"ልክ ከሆነ ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?"

"መብትዎን ልናሳውቅዎ።"

ጋሽ ቱፋ ወደ ናትናኤል ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ጎንበስ ስልህ አንተ እየተጫወትክ ነበር?"

ናትናኤል ጫማውን ያጠናል። እማዬ ናት የጮኸችው። "ተናገር እንጂ! ልክ ነው ብለህ ፈርደህ የለ?"

"አዴ ብርቄ... ያ እኮ ለማርክ ነበር።"

እማዬ አየችው። "ጥሩ አገኘህ?"

"አዎ፣ ጥሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ፤ ውሸት እንኳ አልቻለበትም።

ጋሽ ቱፋ በስግብግብነት አልዘጉትም፤ ስግብግብ ቢሆኑ መጀመሪያውኑ አይከፍቱትም ነበር። በሕዝብ ፊት ለልጆች ጨዋታ ባርኔጣ አውልቀው፣ እጅ ነሥተው፣ በገዛ እጃቸው አጥራቸውን ነቅለው፣ ከዚያ ቀልድ ነበር ሲባሉ፣ ክብራቸው አልቻለውም። ሳይመሽ ቆርቆሮው ተመልሶ ቆመ፣ በአዲስ ምስማር። ናትናኤል ወዲያው ሌላ ቤት ተከራየ፣ ተመረቀ፣ ዛሬ የሆነ ቦታ ጠበቃ ነው አሉ። የእማዬ ክስ በቀጠሮ ብዛት እንደ ደከመ ሰው ተኛና ቀረ።

ሕግ ትምህርት ቤቱ ዛሬ ባለ መስታወት ፎቅ አለው። ምስለ ችሎቱም ከቀበሌ አዳራሽ ወጥቶ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ተማሪዎቹ እንደነገሩኝ የዘንድሮው ክርክር በሁለት የሌሉ አገሮች መካከል፣ በሌለ ባሕር ላይ ባለ ድንበር ነው። በዚያ ባሕር ማንም ተነሥቶ አጥር አይነቅልባቸውም፣ እፎይ ብለዋል። ከከተማው ሰውም በሩን የሚያንኳኳ የለም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቢመጣልኝም ሕግ አልሞላም ነበር፤ አላለቅስም፣ ካውያ ይሻለኛል፣ ካውያ ቢያንስ የተጨማደደውን ያቃናል።

የማልረሳው ቡሬ የተሸጠችበትን ቀን ነው። ክረምቱ ገብቶ ቦዩ ሞልቷል፤ ከብድሬ ከተማ የመጣ ነጋዴ ገመዷን ይዞ ግቢያችን መሀል ቆሟል፣ የሚያወጣበት ግን የለም። እማዬ ጋሽ ቱፋን ከምትለምን ላሟን በጣሪያ ብታሳልፍ ይቀላት ነበር። እሳቸው ድምፁን ሰምተው ሳይጠሩ መጡ፣ ምስማሮቹን አወለቁ፣ ቆርቆሮውን ብድግ አድርገው ወደ ጎን ያዙት። ቡሬ አለፈች። ዝናቡ ያካፋል። ላሟ ካለፈች በኋላም ቆርቆሮውን እንደያዙ ቆሙ፣ እማዬም እዚህ ቆማለች፣ መሀላቸው ክፍት መንገድ ነው፤ አንዳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ የሚያልቅ ይመስል ነበር።

"ይኸው እኮ ተከፍቷል፣ ጋሽ ቱፋ" አለች እማዬ በመጨረሻ።

ጋሽ ቱፋ መንገዱን አዩት፣ እሷን አዩ። "ሥልጣን ያለው ሲያዘኝ እከፍታለሁ፣ ብርቄ" አሉ፤ በክፋት አይደለም፣ የተማረውን እንደሚደግም ሰው ነው ያሉት። ቆርቆሮውን መልሰው መዶሻውን አነሡ።

ሕግ ትምህርት ቤቱ እስኪመጣ ድረስ በሰፈራችን እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም።