ከእነ ቆቡ

ለልጄ ምረቃ የተከራየሁት ጥቁር ጋዋን ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። መዋዕለ ሕፃናት ለጨረሰች ልጅ የዶክተር ልብስ፣ ያውም ከእነ ቆቡ። ከተማችን መካነ ሰላም ከዚህ በሽታ መቼም አልዳነችም።

በኢሕአዴግ ጊዜ እኔም ለብሼዋለሁ። እናቴ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ነበር የምታስተምረኝ። መምህራችን መጽሐፍ አስይዛ ወላጆች ፊት አቆመችኝ። የጎረቤት ጎመን የበላችውን ፍየል ታሪክ፣ ገጹን ሳላይ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አንበለበልኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አያቴ ይማም ብቻ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

«ጎመኑ የማን ነበር?» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ሙሉውን ደገምኩላቸው። ሰዉ እንደገና አጨበጨበ።

«የማን ነበር ነው ያልሁህ።»

መምህሯ ፈገግ ብላ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ እሱን አንደኛ ክፍል ሲገባ ይደርስበታል። እዚህ ማንበብ ብቻ ነው የምናስተምረው። ይልቅ አያጨበጭቡለትም?»

«ዱዓ ላይ እንኳ አሚን የምንለው የሚለመነውን ሰምተን ነው» አሏትና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ያን ቀን የታዘነው ለእሳቸው ነው፤ ያልተማሩ ስለሆኑ።

ዛሬም ያው አዳራሽ፣ ያችው ፍየል። ልጄ አንብባ ስትጨርስ ከጭብጨባው መሃል ተቀበልኳትና «ጎመኑ የማን ነበር?» አልኳት።

ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ማሻ አላህ» አለ አጠገቤ የቆመ አባት፣ ስልኩን እያወጣ። «እስቲ አንዴ ድገሚው የኔ ልጅ፣ ልቅረፅሽ።»