ከሰው ዓይን የተደበቀችው ሃና

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ ውሎ እናትነሽን የማያውቅ የቀን ሠራተኛ የለም። ከመተማ የተሻገረችው ሰሊጥ ልታጭድ ነበር፤ ወገቧ እምቢ ሲላት ፉል እያበሰለች መሸጥ ያዘች። እጇ ይጣፍጣል፣ አፏም አይሰንፍ። ዘግይታ የወለደቻት አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሃና። ቀይ፣ ድንቡሽ ያለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ ሰው ፊት ማውጣት ለቡዳ ማቅረብ ነው ብላ ከቤት አታወጣትም። እሷ ገበያ ስትውል ጎረቤቷ ወርቅውሃ እቤት ውስጥ ትጠብቅላታለች።

ወርቅውሃ ግን ትቆጣታለች፤ «አንቺ፣ ሆሹ ውስጥ፣ እዚሁ ግቢው እንኳ ልቀቂያት እንጂ! የግቢው ልጅ ሁሉ ኩኩሉ ሲጫወት እሷ በመስኮት ታያለች። እኛ አፈር ላይ አይደል እንዴ ያደግነው?»

«ዓይናቸውን ባየሽው እትየ! ትናንት አንዷ በመስኮት አይታ ‹ስታምር› አለች።»

«ምን ትበል ታዲያ? ‹ስታስጠላ›?»

ሃና እንዲህ ተጠብቃ ተጠብቃ እግሯ ቄጠማ ሆነ። ጥቂት ሄድ ትልና ትቀመጣለች፤ ጉልበቷም ጎበጥ አለ። እናትነሽ ደረቷን ደቃች። «በሉብኝ! ልጄ ሳትራመድ ልትቀርብኝ ነው!» ማን አይቶ እንደበላት ግን አልተናገረችም፤ ከእሷና ከወርቅውሃ በቀር ቀርቦ ያያት የለማ።

አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ረሒማ የወሎ ልጅ ናት፤ እግሯን ዳብሳ፣ ውሎዋን ጠየቀች።

«ፀሐይ አጥታ ነው። ጠብታ እሰጥሻለሁ፤ ጧት ጧት ግን ውጭ ትውጣ፣ ትሩጥ፣ ትጫወት።»

«መርፌውስ?»

«መርፌ አያስፈልጋትም።»

«ሥራ ፈትቼ የመጣሁት ጨዋታ ሊታዘዝልኝ ነው?»

ነገሩ የእግር ነውና በማግስቱ አወጣቻት። አወጣጧ ግን የሙሽራ ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ እናት ዘብ ቆማ።

«ፀሐይ ላጣች ልጅ ጃንጥላ?» አለችና ወርቅውሃ ጃንጥላውን ከእናትነሽ እጅ ነጠቀች። የግቢው ልጆችም «ያላ፣ ሃና!» እያሉ ከምንጣፉ ጎትተው አስነሷት። ሃና ስትወድቅ ከራሷ ይልቅ እናቷ አለቀሰች። እንዲህ እየወደቀች እየተነሣች ክረምቱ አለፈ።

ሰሊጥ ሲታጨድ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናትነሽ ከገበያ መጣች። ሃና አቧራ ለብሳ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ ከልጆቹ ጋር ትሯሯጣለች።

«ነይ ግቢ!»

«እምቢ!»

እናት ልትይዛት ተነሣች፤ ልጅ ሮጠች። ሆሹን ዞሩት፣ ደገሙት፤ አልደረሰችባትም። እናትነሽ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ እንደ ልማዷ «አንቺ! እግርሽን ይስበ...» ብላ ጀመረችና፣ ደንግጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።